«ማን ለኮሰው?» ከማለትሽ በፊት

የወንድሜ ልጅ፣

ደባርቅ፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ላይ መመደብሽን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለሽ። ስለ ብርዱ እናትሽ ትነግርሻለች። እኔ የምጽፍልሽ ሥራ ሲበላሽ ስለሚመጣው የጣት መቀሳሰር ነው፤ እሱም ከብርዱ አይተናነስም።

1. ለኳሹን ከመፈለግሽ በፊት የእሳቱን ነገር ጨርሺ።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ታስታውሻለሽ። ጓሳው በበጋው ደርቋል፣ ነፋሱም ያግዘዋል፤ ጠፋ ሲባል እንደገና ይነሣ ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ የእሳት አደጋ መኪና አይወጣም፣ ውሃም እንደልብ የለም፤ ሰዉ በእጁ ያለው የአስታ ቅርንጫፍና አፈር ነው። ገደል አፋፍ ቆሞ እሳትን በቅጠል መደብደብ ምን እንደሚመስል የወጡትን ጠይቂ፤ ጭሱ ዓይን ይዘጋል፣ ሣሩ እግር ያንሸራትታል። ኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች መጥተው አገዙ። ታች ግን ወሬው ሁሉ «ማን ለኮሰው?» እና «መንግሥት የት ነበር?» ሆነ።

መጠየቁማ ተገቢ ነው። ግን ለኳሹ በማግሥቱ ቢያዝ እንኳ በሚቀጥለው በጋ ጓሳው መድረቁ አይቀርም። ጭስ ያየ እረኛ ለማን ይደውላል? የእሳት መከላከያ መስመሩን ማን፣ በየትኛው ወር ይጠርጋል? አካፋው የት ይቀመጣል፣ የመጋዘኑ ቁልፍስ ማን ዘንድ ነው? ለእነዚህ መልስ የሚሰጥሽ ፖሊስ አይደለም።

2. አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብሽ።

ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ደግሞ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ገባ። ዋልያው ተመናምኖ፣ እርሻና ግጦሹ ወደ ላይ ገፍቶ፣ በፓርኩ መሃልም መንገድ ተቀዶ ነበር። መንገዱን የቀደደው ገበሬው አልነበረም። ወቀሳ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ስሙ የሚነሣው ገብስ የሚዘራው ሰው ነው፤ ስብሰባው ላይ ተገኝቶ አይመልስማ! በደርግ ዘመን ከገደሉ ሥር ያሉ መንደሮች በግድ እንዲነሡ ተደርጎ ነበር፤ ያም ሆኖ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ አልዳነም።

በ2009 ከመዝገቡ የወጣው የፓርኩ ወሰን ሰፍቶ፣ ግጦሹ ተቀንሶ፣ የመንገዱም ጉዳይ መላ ተፈልጎለት ነው። ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሰዎችም ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ። በእኔ ግምት ከሁሉም የከበደውን የከፈሉት እነሱ ናቸው። ጎንደር ላይ በሰሜን ቱሪስት የሚያድር ሆቴል፣ ጎብኚ የሚያመላልስ ባለመኪና፣ አስጎብኚው፣ ባለበቅሎው፣ ቢሮ የምትቀመጪውም አንቺ፣ ከዚያ ፓርክ እንጀራ እስከበላችሁ ድረስ የግጭ ሰው ዛሬ በምን እንደሚኖር መጠየቅ ዕዳችሁ ነው። «ፓርኩን የጎዳው ገበሬው ነው» የሚል ወረቀት ጠረጴዛሽ ላይ ከደረሰ፣ መንገዱን ማን እንዳወጣው ጽፎ ያምጣ ብለሽ መልሺው።

3. አውጫጭኝ አትጥሪ።

በአያቶቻችን ጊዜ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ «አውጣ» ይባል ነበር። ሰው ካልተገኘ ካሳውን አገሩ ሁሉ አዋጥቶ ይከፍላል። መዋጮው ደግ ነገር ነበረው፤ የጎረቤት ጥፋት ያንተም ነው ያሰኛል። የማልወደው ሰዉ ሥራ ፈትቶ፣ ተርቦ፣ ስም እስኪያወጣ ድረስ የሚታገትበትን ነው። የራበውና የቸኮለ ሰው ደግሞ ዘመድ የሌለውን ይጠቁማል። የመሥሪያ ቤት ግምገማም ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም፤ ስብሰባው እንዲያልቅ ብቻ አንድ ዘበኛ ወይም አንድ ሹፌር ይሰዋል።

4. «የጋራ ነው» የሚለው ቃል መደበቂያ እንዳይሆን ጠብቂ።

«ሁላችንም ተጠያቂ ነን» ተብሎ ተጨብጭቦ የተበተነ ስብሰባ ማንንም አላስጠየቀም። ኃላፊነቱን ስትካፈሉ ድርሻ ድርሻውን ለዩት፤ መስመር መጥረጉ የእገሌ፣ ስልክ መያዙ የእገሊት፣ ቀኑ ይሄ። ጉቦ የበላና ሆን ብሎ ጫካ ያቃጠለ ደግሞ ሕግ አለው፤ እሱን ከእኛ ጋር አትደምሪልኝ።

5. ሰው ስትጠሪ ምሳውን አስቢ። ደቦ የጠራ ጠላና እንጀራ ሳያሰናዳ አይጠራም። በጥር ለተፋሰስ ሥራ ገበሬውን ባዶ ሆዱን እርከን አስቆፍረን ስናበቃ «ሕዝቡ የባለቤትነት ስሜት የለውም» ብለን መጻፋችን፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ነውር ነው።

6. ስለ ሪፖርት።

አንድ ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያውን አንቀጽ ስለ ራስሽ ክፍል ጻፊ፤ ምን ሰዓት ሰማን፣ ምን ሰዓት ተንቀሳቀስን፣ ምን አጣን። ስለ ወረዳው፣ ስለ ቀበሌውና ስለ ገበሬው የሚጻፈው ከዚያ ቀጥሎ ይምጣ። አለቃሽ ቅደም ተከተሉን ላይወደው ይችላል፤ ተከራከሪው። ከመላክሽ በፊት ደግሞ ሳንቃበርና ጨነቅ ካምፖች ላሉት የፓርኩ ስካውቶች አንብቢላቸው። ጭሱን መጀመሪያ ያዩት እነሱ ናቸው፣ ሰዓቱንም ያርሙልሻል።