የጋዝ ግፊት ስለ ከርሠ ምድር ክፍሎች የሚነግረን

ብዙ ሰው የተፈጥሮ ጋዝ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተኝቶ የሚገኝ ይመስለዋል፡፡ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፡፡ ጋዙ የሚኖረው በድንጋይ ውስጥ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፡፡ ድንጋዩም በጥንት የመሬት ስብራት ተቆራርጦ፥ በሮቻቸው እንደ ተዘጉ እልፍኞች ተከፋፍሎ ሊገኝ ይችላል፡፡ ሦስት ኪሎ ሜትር ወርዶ በዓይኑ የሚያይ ስለሌለ፥ የትኛው እልፍኝ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ የመረጥሁት መልሱ በክፍል ከተማርነው የጋዝ ሕግ ብዙ ስለማይርቅ ነው፡፡

ጋዝ ከተዘጋ ዕቃ በወጣ መጠን ግፊቱ ይቀንሳል፡፡ የአንድ ጕድጓድ ግፊት መጀመሪያ 300 ባር ነበረ እንበል፡፡ 1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ወጥቶ ግፊቱ ወደ 285 ቢወርድ፥ ከሃያ አንድ እጅ ተቀነሰ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጕድጓዱ የሚደርስበት ጋዝ በጠቅላላው 20 ቢሊዮን ያህል ነበረ፡፡ በእውነቱ ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ጊዜ ከሕጉ ፈቀቅ ስለሚል፥ መሐንዲሶች ግፊቱን ለአንድ ማረሚያ ቍጥር ያካፍሉታል፡፡ ካርታው ግን 60 ቢሊዮን አለ የሚል ከሆነ፥ የቀረው ከግድግዳ ማዶ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል፡፡ ማዶ አዲስ ጕድጓድ ተቆፍሮ ግፊቱ እንደ ጥንቱ 300 ሆኖ ቢገኝ፥ ጥርጣሬው እውነት ሆነ፤ 285 ቢሆን ግን በሩ ክፍት ኖሯል፥ የተሳሳተውም ካርታው ነው፡፡

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ከፊል የተከፈተው በር ነው፡፡ ግፊቱ ለዓመታት በቀጥታ መስመር ሲወርድ ቆይቶ አወራረዱ ቢዘገይ፥ ከጎረቤት ክፍል ጋዝ እየሾለከ ይገባ ይሆናል፡፡ ነገር ግን ከሥር የሚገፋ ውኃም ይህንኑ መልክ ስለሚያሳይ፥ በአንድ ጕድጓድ ብቻ መፍረድ ችኮላ ነው፡፡ ልኩም የሚወሰደው ጕድጓዱ ተዘግቶ ግፊቱ እስኪረጋ ከተጠበቀ በኋላ ነው፡፡

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1959 በሰሜን ኔዘርላንድ በስሎኽተረን አጠገብ የተገኘው የግሮኒንገን ጋዝ ወደ 350 ባር የሚጠጋ ግፊት ነበረው፡፡ ጋዙ ከ1963 ጀምሮ ሲወጣ ግፊቱ ወረደ፤ ድንጋዩም የላዩን ሸክም ይበልጥ ራሱ መሸከም ስላለበት ተጨመቀ፥ ስብራቶቹም ተንሸራተቱ፡፡ በ2012 በሁይዚንገ መንደር አጠገብ መጠኑ 3.6 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ብዙ ቤቶችም ተሰነጠቁ፡፡ ጋዝ ማውጣቱ በ2023 ቆመ፡፡ ይሁን እንጂ ግፊቱ ከበዛበት ክፍል ወደ አነሰበት ክፍል ቀስ እያለ ስለሚተላለፍ፥ ጕድጓዶቹ ከተዘጉም በኋላ ምድሪቱ መንቀጥቀጧን ወዲያው አታቆምም፡፡