በኮምፒዩተር የርክክብ መዝገብ ላይ ቀንን ስለ መጻፍ

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የአኩሪ አተር ርክክብ መዝገቡን እንድናይለት ባመጣልን ጊዜ፣ በየወሩ ከ13 እስከ 30 ባሉት ቀናት ያስረከቡ አባላት ሁሉ ከድምሩ ውጭ ሆነው አገኘናቸው። ጸሐፊው አንድም ቁጥር አልተሳሳተም ነበር። የትርፍ ክፍፍሉ ግን በዚሁ ድምር ሊሠራ ተዘጋጅቶ ነበር።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ኤክሴል የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ኮምፒዩተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ ወርን ከቀን ያስቀድማል። ስለዚህ የካቲት 5 ቀን ለማለት 5/6/2016 ብንጽፍ፣ ሜይ 6 ቀን 2016 ብሎ ይይዘዋል። ጳጉሜ 3 ቀን (3/13/2016) ማርች 13 ይሆናል። 25/6/2016 ሲጻፍለት ግን 25ኛ ወር ስለሌለ ቀን መሆኑን ትቶ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። በሁለት ቀናት መካከል ያለውን ርክክብ ደምር ሲባልም ይህን ያልፈዋል። ለዐይን ሁሉም ትክክል ይመስላል፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው።

መመርመሪያው ቀላል ነው። የቀኑን ዐምድ ሰፋ አድርጎ ማየት ነው፤ አሰላለፉ ካልተነካ ቀን ብሎ የተቀበለው ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ያደረገው ወደ ግራ ይጠጋል። አጻጻፉን ቀን በሚያስቀድም መልክ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ጥቅምት 30 (30/2) ያን ጊዜም ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፣ ፌብሩወሪ 30 የለውምና።

እኛ የምንመክረው ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በሦስት የተለያዩ ዐምዶች በቁጥር መጻፍ ነው። አሮጌው መዝገብ ሲታረም ግን ከስክሪኑ ሳይሆን ከካርኒው መገልበጥ ይገባል።

የዝናብ መዝገብ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲመጣና ከዘር ቀን ጋር ማስተያየት ሲያስፈልግ፣ ከጳጉሜ በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን መሆናቸው ሥራውን ያቀልልናል። ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሶ በ30 ማባዛት፣ ከቀኑም 1 ቀንሶ መደመር፣ ውጤቱን መስከረም 1 በዋለበት የፈረንጅ ቀን ላይ መጨመር ነው። ለምሳሌ ሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. እንውሰድ። 9 በ30 ሲባዛ 270፣ 14 ሲጨመር 284 ይሆናል። የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ስለዋለ፣ መልሱ ጁን 22 ቀን 2024 ነው። በዘመናችን መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ለ4 እኩል በሚካፈሉ ዓመቶች ብቻ (2016፣ 2020) 12 ይሆናል። ቀመሩ በእኩል ይሁን ምልክት (=) ተጀምሮ፣ ሣጥኖቹን በማውስ እየነኩ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ወደ ታች ጎትቶ ለሁሉም መስጠት ይቻላል።

ፋይሉም ሲሰየም ዓመት ይቅደም፣ ወር በሁለት አኃዝ ይጻፍ፦ «2016-02-30 አኩሪ አተር»። እንዲህ ከሆነ በየተራው ይሰለፋል። መብራት በድንገት ስለሚጠፋ በየጥቂት መሥመሩ ማስቀመጥ፣ ዓርብ ዓርብም አንድ ቅጂ በፍላሽ መያዝ ያስፈልጋል፤ ፍላሹ ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ክፍል አይደር።