ክዳኑን የሚጥል አበባ

ባሕር ዛፍ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ረጅሙ የማገዶና የቤት መሥሪያ ዛፍ ነው። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ግን ቁጥቋጦ የሆነም አለ። በምዕራብ አውስትራሊያ አሸዋማ መሬት የሚበቅለውና በሳይንሳዊ ስሙ ዩካሊፕተስ ማክሮካርፓ የሚባለው ቁመቱ ከ5 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ቅጠሉ አመድማ ነው። አበባው ግን እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ብዙውን ጊዜም ደማቅ ቀይ ነው።

እንግዲህ የዚህን አበባ ሥዕል ስናሳይ አንድ ተማሪ ተነስቶ «መምህር፣ ቀዩ የአበባው ቅጠል ነው?» ቢለን ምን እንመልሳለን? «አዎ» ካልን ተሳሳትን። ቀዩ የወንዴ ዘር የሚሸከሙት ብዙ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። የአበባው ቅጠሎችማ እርስ በርስ ተጣብቀው የእምቡጡ ክዳን ሆነዋል፤ አበባው ሲፈነዳ ክዳኑ ተላቆ ይወድቃል። ከግሪክኛ የተገኘው ዩካሊፕተስ የሚለው ስምም «በደንብ የተሸፈነ» ማለት ነው።

ይህን ለማስተማር አውስትራሊያ ድረስ መሄድ አያሻም። በአገራችን ነጭ ባሕር ዛፍ ሥርም እንዲህ ያለ ክዳን ወድቆ ይገኛል። ተማሪዎቻችን ለቅመው ያምጡ፣ ከእምቡጡ ጋር ያስተያዩት። እኛ ሳንነግራቸው መልሱን ራሳቸው ይደርሱበታል።