ደኑ የማን ነው?

በደቡብ ጎንደር ገጠር ለሚጓዝ ሰው ዓይኑ እስከሚደርስበት ድረስ የሚታየው ማሳና የግጦሽ መሬት ነው። አልፎ አልፎ ግን ከሜዳው መካከል ጥቅጥቅ ያለ ደን ብቅ ይላል፤ የአገሩ ሰው ከሩቅ ሲያየው ውስጡ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃል። ሌላው ሲመነጠር ይህ ለምን ቀረ? መልሱ የሚጀምረው ከዛፉ ሳይሆን ከእምነቱ ነው።

ክርስትና እግዚአብሔር የፍጥረት ገዢ ነው ሲል፣ ዓለምን ፈጠረ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ፈጥሮም አልተወውም ማለቱ ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን «መግቦት» ይሉታል፤ እግዚአብሔር ፍጥረቱን በየዕለቱ የሚያኖርበትና የሚያስተዳድርበት ሥራ ማለት ነው። ዝናቡ፣ የዘሩ መብቀል፣ የክረምትና የበጋ መፈራረቅ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። በጸሎተ ቅዳሴ ስለ ዝናብና ስለ ምድር ፍሬ የሚለመነውም ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ እርስዎም ሳያስቡት አይቀሩም። እርሱ ራሱ የሚመግብ ከሆነ፣ ሰው ምን አገባው? መልሱ መግቦት በምን መንገድ እንደሚሠራ በመረዳት ላይ ይቆማል። እንጀራ ከእግዚአብሔር ነው የሚል ገበሬ ማረሱን አይተውም፤ እህሉ የሚሰጠው በአፈሩ፣ በዝናቡ፣ በበሬውና በራሱ እጅ በኩል እንደሆነ ያውቃልና። የእግዚአብሔር ገዢነት የፍጥረትን ሥራ አይተካም፤ በእርሱ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ችግኝ የሚተክል ሰው በፈጣሪ ሥራ ጣልቃ ገባ አይባልም። ተራራውን አራቁቶ «እርሱ ያውቃል» የሚልም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። ኦሪት ዘፍጥረት ሰው ምድርን እንዲገዛ ሥልጣን ይሰጠዋል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሊን ዋይት በ1967 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ለዘመናችን የአካባቢ ቀውስ ሥሩ ይህ ዓይነቱ የምዕራብ ክርስትና አስተሳሰብ ነው ብሎ ጻፈ። ክሱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ቃሉን እንደ ዝርፊያ ፈቃድ ያነበቡ ነበሩና። ይሁን እንጂ የሰው ሥልጣን ከሌላ የተቀበሉት ሥልጣን ነው፤ የተቀበሉት ሥልጣን ደግሞ ወሰን አለው። ወሰኑን ኦሪት በዝርዝር ታስቀምጠዋለች። ዘሌዋውያን 25 ምድሪቱ የእግዚአብሔር ስለሆነች ለዘለዓለም እንዳትሸጥ፣ በሰባተኛው ዓመትም እንድታርፍ ያዝዛል። ዘዳግም 20 ከተማ የከበበ ሠራዊት እንኳ የፍሬ ዛፎቿን እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 38 ነው፤ እዚያ እግዚአብሔር ማንም በማይኖርበት ምድረ በዳ ላይ ዝናብ ያዘንባል። የሚጠቀምበት ሰው የለም፤ ዝናቡ ግን ይወርዳል። መጽሐፈ ኩፋሌም በስድስቱ ቀናት የተፈጠሩትን 22 ብሎ ሲቆጥር፣ ሰውን ከመዝገቡ ውስጥ እንጂ ከመዝገቡ ውጭ አላኖረውም።

ወደ ደኑ እንመለስ። በቤተ ክርስቲያኑ መካከል መቅደሱ አለ፤ በመቅደሱ ውስጥ ታቦቱ። የታቦቱ ክብር በመቅደሱ ግድግዳ አያበቃም፤ ዙሪያውን እስከ ቅጽሩ ይዘልቃል። በዚያ ውስጥ የቆመ ጽድ፣ ወይራ ወይም ዝግባ አይመለክም። ባለቤቱ ግን የታወቀ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ካልሆነ በቀር ምእመኑ መጥረቢያ ሊያነሣበት አይደፍርም። ጠባቂ ዘብ ሳይቆም፣ ደመወዝ ሳይከፈል፣ እምነቱ ራሱ ዘበኛ ይሆናል።

እምነቱ ብቻውን ግን ሁሉን አይጠብቅም። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ተመራማሪ ነው፤ በኔዘርላንድ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናቱ በእነዚሁ ደኖች ላይ ነበር። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ተተኪ ችግኝ ግን በብዙ ቦታ ሳስቷል። መጥረቢያን ግዝት ይይዘዋል፤ ላም ግን ግዝት አታውቅም። ገብታ የበቀለውን ትግጣለች፣ መሬቱን ረግጣ ታጠነክራለች፤ ዘሩ ቢወድቅም አያድግም። አሮጌው ዛፍ በዕድሜው ሲወድቅ ቦታውን የሚወርስ የለም። በዳር በኩል ደግሞ ማረሻው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይጠጋል።

ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ጋር ሆኖ ካህናቱንና ምእመናኑን ያማከረበት መፍትሔ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ ነው። ካቡ ከብቱን ያስቀራል፤ የደኑን ድንበር ስለሚያሳይም ማረሻውን ይገታል። ድንጋዩ የሚለቀመው ከአካባቢው ማሳ ስለሆነ፣ ገበሬውም ለማረስ የሚመች መሬት ያተርፋል።