ፕሪንተሩ «አልገናኝም» ቢል ዋይፋይዎን አይክፈቱት

ሽቦ አልባ ፕሪንተር ገዝተው ቤት ሲያደርሱት ከዋይፋዩ ጋር አልገናኝ ቢልዎ፣ ዕቃው ተበላሽቷል ብለው ወደ ሱቁ ለመመለስ አይቸኩሉ፡፡ ችግሩ የራውተሩ የጥበቃ ምርጫ ሊሆን ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ደብልዩ ፒ ኤ 3 የተባለ ጥበቃ ብቻ እንዲቀበል የተደረገ ራውተር፣ ይህን የማያውቁ የቆዩ ፕሪንተሮችን አያስገባም፡፡

በዚህ ጊዜ አንዳንድ ባለሙያ ነን ባዮች የይለፍ ቃሉን ጨርሰው ያነሳሉ፤ ወይም ዌፕ ወደሚባለው አሮጌ ጥበቃ ይመልሱታል፡፡ ዌፕ ግን ደካማነቱ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጋለጠ፣ ዛሬ በደቂቃዎች የሚሰበር ቁልፍ ነው፡፡ ለአንድ ፕሪንተር ሲባል ስልክዎም ኮምፒዩተርዎም ለጎረቤት ይጋለጣሉ፡፡

ራውተሩን ደብልዩ ፒ ኤ 2ን እና 3ን በጋራ በሚቀበለው ምርጫ ላይ ያድርጉት፡፡ ይህ ከሌለው ደብልዩ ፒ ኤ 2 ከኤ ኢ ኤስ ጋር ይበቃል፡፡ ብዙ ርካሽ ፕሪንተሮች የሚይዙት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ በመሆኑ እሱም መከፈቱን ይዩ፡፡

ደብልዩ ፒ ኤስ የተባለው ማገናኛ በፒን ሲሠራ አደገኛ ነው፡፡ ባለ 8 አኃዙ ቁጥር ለሁለት ተከፍሎ ስለሚመረመር በ11,000 ሙከራ ገደማ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውቋል፡፡ ይዝጉት፡፡ ፕሪንተሩ ራሱ የሚያሰራጨው «ዋይፋይ ዳይሬክት»ም አለ፤ የአንዳንዶቹ የፋብሪካ የይለፍ ቃል 12345678 ነው! ይቀይሩት፤ ካልፈለጉት ያጥፉት፡፡

ያገለገለ ፕሪንተር የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ የቤትዎን የዋይፋይ የይለፍ ቃል ይዞ እንዳይሄድ፣ ገንዘቡን ከመቀበልዎ በፊት ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመልሱት፡፡