ስለ ሸማኔው ገመድ

ሸማ የሚሠራው ከሁለት ዓይነት ክር ነው። አንደኛው ድር ይባላል፤ ሁለተኛውም ማግ ይባላል። ድር በቁመት የተዘረጋው ክር ነው። ማግ ግን በመወርወሪያ ውስጥ ሆኖ በድሩ መካከል ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራም ወደ ቀኝ የሚመላለሰው ክር ነው። ድር ያለ ማግ ሸማ አይሆንም፤ ማግም ያለ ድር የሚይዘው የለም።

የኢትዮጵያ ሸማኔ በጉድጓድ አፍ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል። በዚያም በእግሩ የሚረግጣቸው እንጨቶች አሉ። አንዱን በረገጠ ጊዜ የድሩ ግማሽ ወደ ላይ ይነሣል፥ ግማሹም ወደ ታች ይወርዳል፤ በመካከሉም እንደ በር ያለ ክፍተት ይሆናል። ሸማኔው መወርወሪያውን በዚህ በር ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለውን መምቻ ወደ ራሱ ስቦ ማጉን ይመታል። እንዲህ እያደረገ ክር በክር ላይ ይጨምራል፤ የተሠራውንም ሸማ በፊቱ ባለው እንጨት ላይ ይጠቀልላል።

የድሩ ሌላው ጫፍ ከሸማኔው ርቆ ይገኛል። እርሱም በገመድ ታስሮ በመሬት በተተከለ ካስማ ይያዛል። ገመዱ ቢሳብ ድሩ ይወጠራል፤ ገመዱ ቢለቀቅ ድሩ ይላላል። ይህ ገመድ ለዓይን ትንሽ ነገር ነው። እንደ ጥለት ቀለም የለውም፥ ወደ ገበያም አይወጣም። ነገር ግን የሸማው መልካምነት በእርሱ የተያዘ ነው።

የበገና አውታር ከልክ በላይ ቢወጠር ይበጠሳል፤ ከልክ በታች ቢላላም ድምፁ አያምርም። ድርም እንዲሁ ነው። እጅግ የተወጠረ ድር ክሩ ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል፤ የተበጠሰውም ሲቀጠል ሸማው ቋጠሮ ይበዛበታል። ደግሞም በውጥረት ተለጥጦ የተሠራ ሸማ ከእንጨቱ በወረደና በታጠበ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በሸማኔው ፊት ረጅም የነበረው በለባሹ ትከሻ ላይ አጭር ይሆናል። የላላ ድር ደግሞ በሩን ደኅና አድርጎ አይከፍትም። መወርወሪያው በላይ ማለፍ ሲገባው በታች ያልፋል፤ መምቻውም ማጉን አያጠብቀውም። ሸማውም ሳስቶ እንደ ወንፊት ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በአንድ ሸማ ላይ ውጥረቱ ሲለዋወጥ ነው። አንዱ ስፍራ ጠንካራ፥ አንዱ ስፍራ ስስ ይሆናል፤ በመካከሉም እንደ ጠባሳ ያለ መስመር ይታያል። እጅ በስውር ያደረገውን ሸማው በግልጥ ይናገራል።

ሸማኔውና ሥራ ተማሪው

በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ሽሮ ሜዳ የሚባል ሰፈር አለ። በዚያ ከጋሞ ደጋ የመጡ ብዙ ሸማኔዎች ይኖራሉ። ከእነርሱም መካከል አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ከእርሱም ጋር ሥራ የሚማር የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ተቀምጦ ነበር። ሸማኔው ደግሞ ስድስት ዓመት የሆነው የራሱ ትንሽ ልጅ ነበረው።

አንዲት ድኻ ሴት ለሸማኔው ፈትል አመጣችለት። ጥጡን ፈልፍላ፥ በደጋን ነድፋ፥ በእንዝርት ፈትላ ክረምቱን ሁሉ የደከመችበት ነው። ለሽማግሌው አባቷ ጋቢ እንዲሆን ፈልጋ ነበር፤ ብርዱ ጸንቶበታልና። ሸማኔውም «እመይቴ፥ በቅዳሜ ይደርስልዎታል» አላት።

ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሞተና ሸማኔው ወደ ለቅሶ ሄደ። ሲሄድም ልጁን «እኔ እስክመለስ ድረስ ተቀምጠህ ሥራ፤ ገመዱን ግን አትንካ» ብሎ አዘዘው። ስለ ምን እንደማይነካ ግን አልነገረውም።

ልጁ ተቀምጦ ይሠራ ጀመር። ድሩ የተወጠረ ስለ ሆነ መርገጫው ከበደው፤ እግሩም ደከመ። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰበትና ሁለት ጊዜ ቀጠለው። በዚህ ጊዜ ልጁ «ገመዱን ጥቂት ባላላው ምን ይጎዳል?» ብሎ አሰበ። ተነሥቶም ሦስት ጣት ያህል አላላው። ወዲያውም መርገጫው ቀለለው፥ ክሩም መበጠሱን ተወ። ልጁ ከጌታው የሚበልጥ ብልሃት ያገኘ መሰለው። አንድ ስንዝር ያህል ከሠራ በኋላ ገመዱን እንደ ቀድሞው አጥብቆ አሰረው። «ያየኝ የለም» አለ በልቡ። ሸማኔው ሲመለስ መሽቶ ስለ ነበር ሥራውን አልመረመረውም።

በማግሥቱ ፀሐይ በወጣ ጊዜ ሸማኔው ሸማውን አየ። አንድ ስንዝሩ ስስ ነበር፤ ብርሃን በውስጡ ያልፋል። ዳርና ዳሩም ጠማማ ሆኖአል፤ በብዙ ስፍራም ማጉ ድሩን ስቶታል። ሸማኔው ደንግጦ «ይህን ገመድ ማን ነካው?» አለ። ሥራ ተማሪው ፈራና ዝም አለ።

የሸማኔው ትንሽ ልጅ ከዚህ በፊት በካስማው አጠገብ ሲጫወት ተገኝቶ ተቈጥቶት ያውቃል። ስለዚህ አባቱ «ያው እርሱ ነው» ብሎ አሰበና ጠራው። ሕፃኑም እያለቀሰ «አባባ፥ እኔ አልነካሁም» አለ። አባቱ ግን አላመነውም፤ አለንጋውንም አነሣ።

ሥራ ተማሪው ይህን ባየ ጊዜ ልቡ ተነካ። አለንጋው የሚገባው ለማን እንደ ሆነ ያውቃልና ሮጦ በመካከላቸው ቆመ። «ጌታዬ፥ ልጁን አይምቱት። ገመዱን ያላላሁ እኔ ነኝ፤ መልሼም ያጠበቅሁ እኔ ነኝ» አለ።

ሸማኔው አለንጋውን ጣለው። አስቀድሞ ትንሹን ልጁን አቅፎ «ልጄ፥ ሳልመረምር ፈረድሁብህ፤ ይቅር በለኝ» አለው። ከዚያም ወደ ሥራ ተማሪው ተመልሶ እንዲህ አለው፦ «ገመዱን በማላላትህ አንድ ስንዝር ሸማ አበላሸህ፤ እርሱ ተፈትቶ እንደ ገና ይሠራል። ዝም በማለትህ ግን ያልበደለውን ልታስመታ ነበር፤ የተመታ ልጅ እንደ ክር አይፈታም። ዛሬ እውነቱን ስለ ተናገርህ ግን አላባርርህም።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ተቀምጠው ማጉን አንድ በአንድ ፈቱ። ለመሥራት ከወሰደው ጊዜ ይልቅ ለመፍታት የወሰደው በለጠ። በቅዳሜ ሴቲቱ መጣች፤ ጋቢው ግን አልደረሰም ነበር። ሸማኔው ነገሩን ሳይሰውር ነገራት፤ ሥራ ተማሪውም እግሯ ላይ ወደቀ። እርስዋም አነሣችውና «የሚዘገይ ይሻላል፥ ከሚቀደድ» ብላ ባዶ እጅዋን ተመለሰች። አባቷም አንድ ሳምንት በብርድ ቈየ። የሦስት ጣት ገመድ ዋጋ ይህ ነበር።

ሸማኔውም ልጁን ጠርቶ «እኔም በድያለሁ» አለው። «አትንካ አልሁህ እንጂ ስለ ምን እንደማይነካ አላስተማርሁህም።» የልጁንም መዳፍ በድሩ ላይ አኑሮ ገመዱን አንድ ጊዜ አጠበቀው፥ አንድ ጊዜ አላላው፥ በመጨረሻም በልኩ አደረገው። ልጁ ልኩን በመዳፉ ዐወቀው። ከዚያም ሸማኔው ገመዱ ካስማውን በሚነካበት ስፍራ ቀይ ክር አሰረበት። ሸማው በተጠቀለለና ገመዱ በተለቀቀ ቍጥር ቀዩን ክር ራሱ ወደ አዲሱ ስፍራ ያዛውረው ነበር። ቀዩ ክር ከስፍራው ፈቀቅ ብሎ የተገኘ እንደ ሆነ ገመዱ እንደ ተነካ ወዲያው ይታወቃል። ለልጁም «ሥራው ቢከብድህ ጠይቀኝ፤ ገመዱ ተነክቶ ብታይ ንገረኝ፤ አንተ ራስህ ብትነካውም ሳይመሽ ንገረኝ» የሚል ሕግ ሰጠው።

ስለ ሽመና መኪና

በእንግሊዝ አገር ኤድመንድ ካርትራይት የሚባል ቄስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1785 ዓ.ም. በእጅ ሳይሆን በሌላ ኀይል ለሚሠራ የሽመና መኪና የባለቤትነት መብት ተቀበለ። ከዚያም በኋላ ሌሎች ብልሃተኞች እያሻሻሉት በላንካሻየር አውራጃ ታላላቅ ፋብሪካዎች ተሠሩ። በእነዚያ ፋብሪካዎች አንድ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ አራት መኪና ይጠብቅ ነበር።

በእነዚህ መኪናዎች ድሩ በታላቅ ግንድ ላይ ይጠቀለል ነበር። በሸማኔው ገመድና ካስማ ፈንታ በግንዱ ጫፎች ላይ ሰንሰለት ወይም ገመድ ይጠመጠማል፤ እርሱም ከብረት ዘንግ ጋር ይያያዛል፤ በዘንጉም ላይ ከባድ ብረት ይንጠለጠላል። ብረቱ ወደ ዘንጉ ጫፍ ቢገፋ ግንዱ አጥብቆ ይያዛል፥ ድሩም ይወጠራል። ብረቱ ቢቀነስ ድሩ ይላላል። ድሩ ከግንዱ እየተፈታ ባለቀ መጠን ግንዱ ይቀጥናል፤ ክብደቱ ካልተቀነሰም ድሩ ከልክ በላይ ይወጠራል። ስለዚህ ብረቱ በየጊዜው መስተካከል ነበረበት። መኪናዎቹንም የሚያበጅ ሹም ነበረ።

ሠራተኛው ግን ደመወዙን የሚቀበለው በሠራው ጨርቅ ልክ ነበርና ክር በተበጠሰበት ጊዜ መኪናው ቆሞ ገንዘቡ ይቀርበታል። ስለዚህ በስውር ብረቱን ሊያነሣ የሚፈተን አይጠፋም። እንዲህ ያደረገ እንደ ሆነ ለአንድ ሰዓት ይጠቀማል፤ በጨርቁ ላይ ግን መስመር ይቀራል። ጉዳቱም በጨርቅ ብቻ አይቀርም። ድሩ ላልቶ በሩ ሳይከፈት መወርወሪያው በታላቅ ፍጥነት ሲመጣ፥ ከመንገዱ ወጥቶ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ይበራል። ጫፉ ብረት ስለ ሆነ በአጠገቡ የቆመውን ሰው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ያም ሰው ብረቱን ያልነካ ጎረቤት ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመከልከል አዋቂዎች ልዩ ልዩ ነገር ያደርጋሉ። ልኩ ያለበትን ስፍራ በቀለም ያመለክታሉ፤ የተዛወረ እንደ ሆነ በዐይን እንዲታይ። ማስተካከያውን በክዳን ሸፍነው ይቈልፉታል፤ ቍልፉንም ለአንድ ኀላፊ ይሰጣሉ። ማን፥ በምን ቀን፥ ስለ ምን እንደ ለወጠው በመዝገብ ይጽፋሉ። አዲስ ሠራተኛ በገባ ጊዜም «አትንካ» ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ያስተምሩታል። ክር የሚበጠስበትም ሠራተኛ ሹሙን ሳይፈራ እንዲጠራ ይፈቅዱለታል። በዛሬ ዘመን መኪናዎች የድሩን ውጥረት የሚለካ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ፤ ልኩንም ለመለወጥ ኀላፊው ብቻ የሚያውቀው የምስጢር ቍጥር ያስፈልጋል።

ምክር

ቍልፍ መልካም ነው፤ እጅን ይከለክላልና። ነገር ግን በየካስማው ቍልፍ ማድረግ አይቻልም። ማንም በማያይበት ስፍራ የሚጠብቅ እውነተኛ ልብ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ድር የሚያብረው ግን ሁሉ በአንድ ልክ ሲወጠር ነው። በአንድ ቤትና በአንድ ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነው። የሌላውን ልክ በስውር የሚለውጥ ሰው ጉዳቱን በራሱ ላይ ብቻ አያመጣም፤ በሩቅ ያለ ሽማግሌ ይበርደዋል፥ ያልበደለ ሕፃንም ያለቅሳል።

ሥራ ቢከብድ መጠየቅ ነውር አይደለም። ማጥፋት በሰው ሁሉ የሚደርስ ነው፤ የጠፋውን ሰውሮ ማሰር ግን ሌላ ጥፋት ነው። የተበላሸ ክር ሳይመሽ ቢፈታ ሸማው ይድናል።

ጥያቄ

1. ድር ምንድር ነው? ማግስ ምንድር ነው?
2. ድር ከልክ በላይ ቢወጠር ምን ይሆናል? ቢላላስ?
3. ሥራ ተማሪው ገመዱን ያላላው ስለ ምን ነው?
4. ከሁለቱ ጥፋቶቹ የሚከፋው የትኛው ነው? ስለ ምን?
5. ሸማኔው «እኔም በድያለሁ» ያለው ስለ ምን ነው?