የሞተ የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ስለ መጠገን

በመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ከተማሪው አፍ የማይጠፋው አቤቱታ «ኮምፒዩተሬ ሞተብኝ» የሚለው ነው። ነገሩ ሲመረመር ግን ብዙ ጊዜ የሞተው ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ የግድግዳውን 220 ቮልት ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው የብረት ሣጥን፣ ማለት ፓወር ሰፕላዩ ነው። ዲስኩ ደኅና ነው፤ ጽሑፉም በውስጡ እንዳለ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ ደኅናውን ማሽን በርካሽ ይሸጣል፤ ወይም ለአንዲት የጥቂት ብር ካፓሲተር ሲል የወር ቀለቡን አዲስ ዕቃ ይገዛበታል። ስለዚህ ሣጥኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚመረመርና የትኛው ብልሽት በተማሪ እጅ ሊጠገን እንደሚችል ለመጻፍ አሰብን።

ከሁሉ አስቀድመን ስለ ሞት እንናገር። ሣጥኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቈያሉ። በ470 ማይክሮፋራድ ሁለት ካፓሲተሮች የተሠራ አንድ የተለመደ ሣጥን በ320 ቮልት ወደ 12 ጁል ያህል ያጠራቅማል፤ ይህም በደረት በኩል ካለፈ ልብን ሊያቆም ይችላል። ሥራ የሚያቆመው ብልሽት ደግሞ ራሱ ይህን ክምችት የሚያፈስሰውን መንገድ ስለሚዘጋ፣ የተበላሸው ሣጥን ከደኅናው ይልቅ አደገኛ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትሥሩ፤ ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ። 10 ኪሎ ኦም 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ ጫፍ አስራችሁ፣ በእያንዳንዱ ትልቅ ካፓሲተር ሁለት እግሮች ላይ 30 ሴኮንድ ያዙት፤ ከዚያም በቴስተር ለክታችሁ ከጥቂት ቮልት በታች መሆኑን ሳታረጋግጡ እጃችሁን አታስገቡ። በካቻቢቴ አገናኝቶ «ጧ» የማድረግ ልማድ ካፓሲተሩንም ዐይንንም ያጠፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚገባው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በፊውዝና በማጣሪያ አልፎ በአራት ዳዮዶች ቀጥተኛ ይሆናል፤ የሞገዱ ጫፍ ከተለመደው መለኪያ በ1.41 እጥፍ ስለሚበልጥ 220ው ወደ 310 ቮልት ይወጣል። ይህን ቮልት የኃይል ትራንዚስተሮች በሴኮንድ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ጊዜ እየቈረጡ ወደ ትራንስፎርመሩ ይልካሉ። ቈረጣው ፈጣን በመሆኑ ትራንስፎርመሩ በመዳፍ የሚያዝ ሊሆን ቻለ፤ በ50 ሄርትዝ ያንኑ ኃይል የሚያሳልፍ ቢሆን ኖሮ ኪሎዎች በመዘነ ነበር። ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ያሉት ዳዮዶችና ካፓሲተሮች 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ያወጣሉ። ከዚህም ሌላ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ እንኳ የማያርፍ አንድ ትንሽ ክፍል አለ፤ እርሱም 5 ቮልት ተጠባባቂ የሚባለውን ይሰጣል። የማብሪያው ቁልፍ ሲነካ ማዘርቦርዱ የሚነቃው በእርሱ ነው።

መፍቻ ከማንሣት በፊት ሣጥኑን ሳንከፍት እንመርምር። ከማዘርቦርዱ የሚመጣውን ትልቁን መሰኪያ ነቅለን ሶኬቱን እንሰካና በሐምራዊውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል እንለካ። ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ካልታየ ተጠባባቂው ክፍል ወይም ከእርሱ በፊት ያለው ፊውዝ ሞቷል። ከታየ ደግሞ አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር በትንሽ ሽቦ እናገናኝ፤ ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር በሆኑበት ዕቃ ባለ 24 ቀዳዳው መሰኪያ ላይ 16ኛው ቀዳዳ አረንጓዴው ነው። ማራገቢያው ቢዞር ቢጫው ከ11.40 እስከ 12.60፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካኑም ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት መስጠት አለበት። ማራገቢያ ዞረ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ባዶውን ደኅና የሚለካ ሣጥን ሸክም ሲጫንበት የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ነቅነቅ ብሎ የሚቆም ከሆነ ደግሞ መከላከያው የሆነ አጭር ግንኙነት አይቷል ማለት ነው።

ከተከፈተ በኋላ መጀመሪያ ዐይን ይሥራ። ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ያሉት ትንንሽ ካፓሲተሮች ጫፋቸው ጠፍጣፋ መሆን ይገባዋል፤ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያስተፋ ቢገኝ ብልሽቱ ተገኘ። እንዲህ ያለው ዕቃ በሙቀት ያረጃል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ በአቧራ የታፈነ ማራገቢያ ሳጥኑን የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው። ስንተካ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም በላጭ፣ የሙቀት ልኩ 105 ዲግሪ፣ የውስጥ ተቃውሞውም ዝቅተኛ የሆነውን እንምረጥ። ነጩ መስመር ያለበት እግር አሉታዊው ነው፤ ተገልብጦ ከገባ ይፈነዳል። ከተጣለ ቦርድ ነቅሎ መትከልን አንመክርም፤ ያም ያረጀው በዚያው ሙቀት ነውና።

ዐይን የማያገኘው ብልሽትም አለ። በተጠባባቂው ክፍል፣ በከፍተኛው ቮልት ወገን፣ አንዲት ጣት የማታህል ከ10 እስከ 47 ማይክሮፋራድ የሆነች ካፓሲተር ትገኛለች። ሳታብጥ ትደርቃለች፤ ሣጥኑም ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል። በአንዳንድ ርካሽ የቀድሞ ሣጥኖች ደግሞ የከፋ ያደርሳል፤ መቈጣጠሪያው ይሳትና ተጠባባቂው 5 ቮልት መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ማዘርቦርዱንም ይዞ ይሄዳል። በኛ አስተያየት ሌላውን ለመጠገን ሣጥኑን የከፈተ ሰው ይህችን ሳይቀይር መዝጋት የለበትም።

ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘ እርሱ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። በሽቦ ቀጥሎ መሞከር ቤት ማቃጠል ነው። ቴስተሩን በዳዮድ መለኪያ ላይ አድርገን አራቱን ዳዮዶችና ትልልቁን ትራንዚስተሮች እንፈትሽ፤ በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ የሚያሳይ እርሱ ሞቷል። ትራንዚስተር ሲሞት በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ሬዚስተሮችም ብዙ ጊዜ ይዞ ስለሚሞት እነርሱም ይለኩ። ከመግቢያው አጠገብ ያለች እንደ ሳንቲም የተጠጋጋች ዕቃ ጠቁራ ከተሰነጠቀች መብራት ሲመለስ ከፍተኛ ቮልት ገብቷል ማለት ነው። ሌላው ምክንያት ከአሜሪካ በዘመድ እጅ በመጡ ዕቃዎች ላይ የሚታየው ነው፦ በጀርባው ያለችው ቀይ ቁልፍ በ115 ላይ ሆና 220 ሲሰካበት ውስጡ 620 ቮልት ያህል ስለሚደርስ ካፓሲተሮቹ ይፈነዳሉ። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ወይም ቦርዱ ከሰል ከሆነ ግን አዲስ መግዛት ይሻላል።

ጥገናው ካለቀ በቀጥታ ሶኬት ላይ አንሰካም። የቀድሞውን ባለሽቦ አምፖል፣ ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነውን፣ በአንደኛው የመግቢያ ሽቦ ላይ በተከታታይ እናገናኛለን፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ነው፤ በሙሉ ድምቀት ከቀጠለ ገና አጭር ግንኙነት አለና ወዲያው ይነቀል። ፊውዙ የሚተርፈው በዚህ ነው። በአምፖል በኩል ግን ሸክም አይጫንም፤ ተጠባባቂውን 5 ቮልት ብቻ እንለካለን። ከዚያ በኋላ አምፖሉን አንሥተን በቢጫውና በጥቁሩ መካከል ባለ 12 ቮልት 21 ዋት የመኪና አምፖል አስረን አንድ ሰዓት ያህል እናበራለን፤ በየመካከሉም ሁሉንም ቮልት እንለካለን። ከላይ ከጻፍነው ልክ ካልወጡ ሣጥኑ ወደ ማዘርቦርዱ ሊመለስ ይችላል፤ ዲስኩ ግን በሁለተኛው ቀን ቢገናኝ እንመርጣለን።